በሮቤ ብቻ የተከፈተ በር

ፖስተሩ ሰኞ ጠዋት በመናኸሪያው አጥር ላይ ተለጠፈ። አንድ ሽማግሌ ተዋናይ በተዘጋ በር ፊት ቆሟል። ከሥሩ «ያ በር ሳይከፈት ሃያ ዓመት ሞላው» ይላል። የዳይሬክተሩ የፍቅረሥላሴ አዲስ ፊልም ከወር በኋላ ሮቤ ይገባል።

እስከ ምሳ ሰዓት ከተማው ሲከራከር ዋለ። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሁሉ በፍቅረሥላሴ የድሮ ድራማ መጨረሻ ላይ በሩ ለተባረረችው ልጅ መከፈቱን ያስታውሳል። ጎሚስታው ልጅቷ ነጠላ ለብሳ ስትገባ በዓይኑ አይቷል። አንድ የባጃጅ ሹፌር እናትየው እልል ማለቷን ጨመረበት።

ገዛኸኝ ይህን ሁሉ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሰማ። ስለ ነጠላ ተናግሮ አያውቅም። ስለ እልልታም አልተናገረም። በሩን የከፈተው ግን እሱ ነው።

ገዛኸኝ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አባቱ ከመንዝ በጸሐፊነት ተመድበው መጥተው ጎባ ቀሩ። እሱ አፋን ኦሮሞን ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ እየተጫወተ ለመደ፤ ቋንቋው እንጀራው ሆነ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። የሚከብደው ስድብ ነበር። ስድብም ቢሆን ሳይለዝብ እንዳለ መተላለፍ አለበት። አንድ ተከሳሽ ዳኛውን ሲሰድብ ገዛኸኝ ቃል በቃል ተረጎመ፤ ዳኛው ያፈጠጡት በአስተርጓሚው ላይ ነበር። ከራሱ የሚናገረው ነገር ካለ፣ አንድ ቃል እንኳ ቢሆን፣ አስቀድሞ «ይህ የአስተርጓሚው ነው» ይላል። ሳይል ያለፈበት ቀን የለም። ችሎት ውስጥ።

በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሥራ ነበረው። የወዚር ቪዲዮ ቤት በመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራ አዳራሽ ነበር። ከአጋርፋና ከዙሪያው እህል ይዞ የመጣ ገበያተኛ እዚያ ድራማ ያያል፤ ብዙው አማርኛ አይሰማም። ገዛኸኝ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ማይክሮፎን ይዞ፣ ወንዱንም ሴቱንም እየሆነ ይተረጉማል። ሰዉ ተዋናዮቹን በስም አያውቃቸውም፤ የሚያውቀው የገዛኸኝን ድምፅ ነው።

የፍቅረሥላሴ ሦስተኛ ድራማ ላይ አንድ አባት ያለፈቃዱ ያገባች ልጁን ያባርራል። በመጨረሻው ትዕይንት እሳት ዳር ተቀምጦ ሳለ በር ይንኳኳል። ሚስቱ ቀና ትላለች። አባትየው «ነፋስ ነው። ተኚ» ይላል። ስክሪኑ ይጠቁራል።

ገዛኸኝ መጀመሪያ ቀን ቃሉን እንዳለ ተረጎመው። አዳራሹ ተናወጠ። አንድ ሰው የቴሌቪዥኑን የብረት ሳጥን በዱላ መታ። ወዚር ሰዉ ከወጣ በኋላ የተሰነጠቀውን መስታወት እያሻሸ፣ ለሳምንቱ ወይ አንድ ነገር እንዲያደርግ ወይ ካሴቱን እንዲመልሱት ነገረው። በሳምንቱ ገበያ፣ ተዋናዩ «ነፋስ ነው፤ ተኚ» ሲል፣ ገዛኸኝ «እሷ ናት። ክፈቺላት» ብሎ ተረጎመ። ስክሪኑ ጠቆረ። ሰዉ እየተመራረቀ ወጣ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ይረሳ ነበር። በሦስተኛው ገበያ የመጡት የአጋርፋው ኦቦ ሻፊ ልጃቸው ጁሀራ ቤታቸውን እንዳትረግጥ ከከለከሏት ዓመት አልፏቸው ነበር። ባህሩ ከሚባል፣ ከስልጤ መጥቶ ሮቤ ሱቅ ከከፈተ ሰው ጋር ጠፍታ ተጋብታለች። ሻፊ ድራማውን ባዩ በአራተኛው ቀን ባህሩ ሱቅ በር ላይ ከበቅሎ ወረዱ። ሰዉ የገዛኸኝ ድራማ አስታረቃቸው አለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለፋሲካ ከጁሀራ አንድ ጣሳ የሪራ ጫካ ማር ይመጣለታል። ገዛኸኝ ማሩን ይበላል፤ በበላ ቁጥር ግን አንድ ሽማግሌን አታልሎ በሐሰት ምስክር ያስፈረደ ይመስለዋል።

ወዚር ዛሬ አዳራሹ ውስጥ በዲሽ ኳስ ያሳያል። አዲሱ ፊልም እስኪገባ ሦስቱን የድሮ ድራማዎች በሦስት ገበያ፣ እንደ ድሮው በገዛኸኝ ትርጉም ለማሳየት ቆርጧል። ገዛኸኝ አሁን ሁሉም አማርኛ እንደሚሰማ ነገረው። ወዚር ሰዉ የሚፈልገው አማርኛውን እንዳልሆነ መለሰለት፤ ስለ ፖስተሩም ቀለደበት።

«ያንተም ስም መውጣት ነበረበት። ግማሹን ድርሰት የጻፍከው አንተ ነህ።»

ገዛኸኝ ድራማዎቹን በፍላሽ ተቀብሎ ቤቱ ወሰደ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ለብቻው ተመለከታቸው። የሚተረጉም ሰው ፊልም እንደማያይ ያኔ ገባው። ጆሮው ቃል ሲያሳድድ ዓይኑ ሥራ ይፈታል። የመጀመሪያው ድራማ ሁለት ወንድማማቾች በቦታ የሚካሰሱበት ነው፤ ዳኛው ፍርዱን ሊናገር አፉን ሲከፍት ያልቃል። ድሮ በዚህ ተናዶ ነበር፤ ውሳኔ የሌለው መዝገብ ምን ያደርጋል? ሁለተኛው አንዲት ነርስ ፖስታ ስትቀድ ይቆማል። ፍቅረሥላሴ ሰውን እስከ ደጃፉ አድርሶ የሚመለስ ሰው ነበር። አሠራሩም የቸኮለ ነው፤ ብርሃኑ ይበዛል፣ ሙዚቃው ንግግሩን ይውጣል። ግን የተጠየቁ ሰዎች መልስ ሳይሰጡ የሚቀመጡባቸው ረጅም ትዕይንቶች ላይ የሚቸኩል የለም። ድሮ ገዛኸኝ እነዚህን ዝምታዎች በራሱ ወሬ ይሞላቸው ነበር።

በሦስተኛው ድራማ ያላየውን አየ። አባትየው በየማታው በሩን ይቀረቅራል። እሱ ፊቱን ሲያዞር እናትየው መቀርቀሪያውን መልሳ ታነሳዋለች። ሦስት ጊዜ። በመጨረሻው ትዕይንትም መቀርቀሪያው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይታያል። በሩ ተዘግቷል እንጂ አልተቆለፈም። ገዛኸኝ ይህን ደብተሩ ላይ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ፍቅረሥላሴ ለልጅቷ የሚያስፈልጋትን ትቶላት ነበር፤ የእሱ እርዳታ አያስፈልግም ነበር። በዚያው ቀን ለሻፊ እውነቱን ለመናገር ወሰነ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገበያዎች በሰላም አለፉ። ከሦስተኛው በፊት ወደ ጁሀራ ሱቅ ሄደ። ሻፊ እውነቱን በሰው ፊት ከመስማታቸው በፊት በልጃቸው በኩል ቢደርሳቸው ይሻላል ብሎ ነበር። ጁሀራ ወንበር አውጥታ አስቀመጠችው። አባቷ ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ድራማ ብቻ እንደሚያወሩ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሁሉ ይዘው እንደሚመጡ ነገረችው።

«ጋሽ ገዛኸኝ፣ ድምፅዎን ይጠብቁ እንግዲህ» አለችው። «ካሳሉ አባባ እኔን ነው የሚቆጡኝ።»

ለጉሮሮው ብላ ማር ሰጠችው። ይዞ ተመለሰ። ሊናገር የመጣውን አልተናገረም።

በገበያው ቀን አዳራሹ ሞላ። ሻፊ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ እንደ ድሮው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። የልጅ ልጆቻቸው በዙሪያቸው ተኮለኮሉ። ገዛኸኝ ተረጎመ። ዝምታዎቹ ላይ ዝም አለ። እሳቱ መጣ፣ በሩ ተንኳኳ፣ እናትየው ቀና አለች።

«ነፋስ ነው። ተኚ» አለ ተዋናዩ።

ገዛኸኝ ያንኑ በአፋን ኦሮሞ ደገመው።

ማንም ዱላ አላነሳም። ጎሚስታው መጨረሻው ተቆርጧል እያለ ወጣ። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉት። ሻፊ ልጆቹን ወደ ውጭ ሰደዱና ከወንበራቸው ሳይነሱ ቀሩ። ገዛኸኝ ማይክሮፎኑን አጠፋ።

«ዛሬ ለምን ቀየርከው?» አሉት።

«አልቀየርኩም፣ ኦቦ ሻፊ። ያኔ ነው የቀየርኩት። ሰውየው ያለው ይህንን ነው። ሃያ ዓመት ሳልነግርዎ ቀረሁ።»

«እሱ ያለውንማ ሰምቻለሁ።»

«ዛሬ?»

«ያኔ። ጎንደር ሦስት ዓመት ወታደር ነበርኩ። እዚያ በኦሮምኛ ውሃ ብትለምን በጥም ትሞታለህ።»

ገዛኸኝ በርጩማው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እሱ ነፋስ ነው አለ። አንተ እሷ ናት አልክ። ሁለቱንም ሰማሁ» አሉ ሻፊ። «የእሱን እኔም ቤቴ ስለው ዓመቴ ነበር፤ አዲስ አልሆነብኝም። ያንተን ግን ሌላ ሰው ሲለው ሰምቼ አላውቅም ነበር። አጋርፋ እስክገባ ሁለቱን ሳመላልስ ሄድኩ።»

«ውሸት ነበር» አለ ገዛኸኝ።

«ትርጉም ነው ብለህ ስለነገርከን ነው ውሸት የሆነው። እነዚህ ልጆች በአማርኛ ካንተ ይበልጣሉ። ያመጣኋቸው አያታቸው የሰማውን እንዲሰሙ ነበር።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ደጅ ላይ ሲደርሱ የሚቀጥለው ገበያ አዲሱ ፊልም መሆኑን ጠየቁ። ገዛኸኝ አዎ አላቸው። እንደሚመጡ ተናግረው ሄዱ።

በሳምንቱ አዲሱ ፊልም ገባ። ፍቅረሥላሴ የጀመረው ከድሮው መጨረሻ ነው፤ እሳቱ፣ የሚንኳኳው በር፣ አባትየው። «ነፋስ ነው። ተኚ።» ገዛኸኝ ቃሉን እንዳለ ተረጎመው። ከዚያም፣ ችሎት ፊት ይናገርበት በነበረው በዚያው ድምፅ፣ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ፣ «ይህ የአስተርጓሚው ነው» አለ።

«እሷ ናት። ክፈቺላት።»

ከኋላ ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ጎሚስታው «ብዬ አልነበር!» እያለ የጎረቤቱን ትከሻ ነካ። ሻፊ ወደ ኋላ አልዞሩም፤ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መታ አደረጉ። ስክሪኑ ላይ አባትየው ሃያ ዓመት አርጅቶ ወደ በሩ ይራመድ ጀመር። ገዛኸኝም ቀጣዩን ቃል እንዳያመልጠው ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘነበለ።