«ገና» የሚለው መልስ

ልጄ የተወለደችው ከቀኗ ሁለት ወር ቀድማ ነው። በዚያው ሳምንት ቡርንስቪል ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ቀኑን የጠበቀ ወንድ ልጅ ወለደች።

ልጆቹ ስምንት ወር ሲሞላቸው፣ ልጄን የሚከታተለው ክሊኒክ ስለ እድገቷ የሚጠይቅ ቅጽ በስልኬ ሲልክልኝ እህቴ ቤት ነበርኩ። «ልጅዎ ያለ ድጋፍ ትቀመጣለች?» ይላል። የኔዋ ትራስ ተደግፋ እንኳ ወደ ጎን ታዘነብላለች። የእህቴ ልጅ ግን ሶፋውን ይዞ ተነሳ።

«ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እያለች እህቴ ስታጨበጭብ ቅናት ያዘኝ። ቅጹ ላይ «ገና» የሚለውን መርጬ፣ ልጄን አቅፌ ወጣሁ።

በቀጠሯችን ነርሷ «ሁለቱን ወር ከዕድሜዋ ቀንሰሽ ቁጠሪላት እንጂ፤ ደህና ናት» ስትለኝ ልቤ መለስ አለ። ብዙም ሳይቆይ ልጄ ብቻዋን ተቀመጠች። ለእህቴ ደውዬ ስነግራት እልል አለች። ከኋላዋ ልጇን «ታቴ! ታቴ!» ሲሉት ይሰማኛል። ደስታዬን ሳላጣጥም ቅናቱ እንደገና ያዘኝ።