ከሻሹ ሥር

ሥራዬን ለአባቴ ማስረዳት ሁልጊዜ ያቅተኝ ነበር። ዓለም ገና ጨቅላ ሳለች ኖሮ የፈረሰ፣ ዛሬ የትም የማይገኝ ቅንጣት ነው የምፈልገው። ሲፈርስ የለቀቀው ኃይል ከሰማይ በሚደርሰን እጅግ ጥንታዊ ብርሃን ላይ አሻራ ትቶ ከሆነ፣ ከአሻራው ተነስቼ መቼ እንደፈረሰ እገምታለሁ። ቴሌስኮፕ የለኝም፤ ሌሎች የለኩትን ጎንደር ቁጭ ብዬ፣ መብራት ሲፈቅድ፣ በላፕቶፕ አሰላለሁ።

አባቴ ትክል ድንጋይ በሚባል አገር ገበሬ ነበር። «የሌለን ነገር ነው የምትፈልጊ? ምነው ያለውን ብትፈልጊ? ባል ለምሳሌ» እያለ ይስቅብኛል። ቢሆንም ጥናቴን በመምህራን ፊት የማቀርብ ዕለት መጥቶ ከፊት ሊቀመጥ ቃል ገባልኝ። ከዚያ ሌላ የምመኘው አልነበረኝም።

ቀኑ ሁለት ወር ሲቀረው የአባቴን ስልክ ወንድሜ ማንሳት ጀመረ። «እርሻ ወርዷል» ይለኛል፤ ሌላ ቀን «ቤተ ክርስቲያን ነው»።

«ደኅና ነው?»

«ሸጋ ነው። አንቺ ትምህርትሽን ያዢ።»

የኛ ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም፤ ፈተና ላይ ላለ ልጅ ደግሞ እስኪጨርስ ይደብቃል። ይህን እያወቅሁ አልጠረጠርሁም።

በዕለቱ እናቴ ከወንድሜ ጋር መጣች። ነጭ ለብሳ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራለች። «አባባስ?» ብላት «ጉንፋን ይዞት ቀረ» አለችኝ። ከፋኝ፤ ተቀየምሁት። ሻሹን ለብርዱ ነው ብዬ አለፍሁት።

አንድ መምህር «አሻራውን ካላየሽው ቅንጣቱ አልነበረም ማለት ነው?» ሲሉኝ፣ «አይደለም፤ ኖሮም ሊሆን ይችላል፣ እኛ ማየት ከምንችለው በታች ሆኖ» ብዬ መለስሁ። ተጨበጨበልኝ። እናቴ አቀርቅራ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ዘመዶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬን አንኳኩ። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ጮኼ ወደቅሁ። እናቴ ልታነሳኝ ስትታገል ሻሿ ወለቀ።

ለሐዘን ተላጭታለች። ፀጉሯ ግን ተመልሶ በቅሏል፤ ጣቴን ሳስገባበት እስኪይዘው ረዝሟል። እነሱ አልቅሰው፣ ተዝካሩን አውጥተው ጨርሰዋል። ለዚህ ስሌት አላስፈለገኝም።

ያ ሁሉ ፀጉር ሲበቅል እኔ እየደወልሁ «አባባን አቅርቡልኝ» እል ነበር።