የአባቴ ጣትና አዲሱ ሰደፍ

አባቴ አምና ታመው ቀኝ እጃቸው ሲደክም፣ ያከመቻቸው ነርስ ጣታቸውን እንዲያፍታቱበት ትንሽ የጎማ ኳስ ሰጠቻቸው። ኳሷን ለጎረቤት ልጆች ሰጡና ጠመንጃቸውን ከግድግዳ አወረዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ባዶውን ጠመንጃ ይዘው ጎባ ካለው ቤታችን ጓሮ ይወጣሉ። ጥይት አለመኖሩን ሁለት ጊዜ አይተው፣ አቀባብለው፣ የጓሮውን ግንብ አልመው ምላጩን አንዴ ይስባሉ። ቀጭ ሲል «አለሁ» ይላሉ። ከዚያ ቁርስ ይቀርባል።

እኔ ሮቤ ከተማ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ስለምሠራ ይህንን የማየው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። ትከሻ ላይ የሚያርፈው እንጨት፣ ሰደፉ፣ ከእርጅና ብዛት ለሁለት ሲሰነጠቅ ግን ሥራው የኔ ሆነ። ሲናና ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጢ ከወይራ አዲስ ጠርበው ሰጡኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ብረቱን ከአሮጌው እንጨት ነቅዬ አዲሱ ላይ ገጠምኩት፤ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፤ ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ። አባቴ «አዲስ ዕቃ ሳይቀባ አይያዝም» ብለው ቅቤ አስመጡ። አቅልጬ ሰደፉን ከላይ እስከ ታች አጠጣሁት። እኔ ስጀምር ልክ አላውቅም።

እሁድ ጠዋት ውርጭ ነበር። አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው ጓሮ ወጡ፤ እኔም ሥራዬን ላደንቅ በረንዳው ላይ ቆምኩ። አቀባበሉ፣ አለሙ፣ ሳቡ። ምንም የለም። እንደገና ሳቡ። ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ ካለሁበት ይታየኛል። ጠመንጃውን ዝቅ አድርገው ጣታቸውን እንደ ሰው ዕቃ ገልበጥ እያደረጉ አዩት።

«በቃ፣ ጣቴ ሞተ» አሉ። «ምላጭ መሳብ የማይችል ሰው ጠመንጃ ምን ያደርግለታል? ነገ ከነፈቃድ ወረቀቱ ለፖሊስ አስረክባለሁ።»

ቁርሳቸውን አልነኩም። አባቴ ቁርስ ሲተዉ አይቼ አላውቅም፤ ከጠመንጃው ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

መቀመጥ አልቻልኩም። ጠመንጃውን ሳሎን ይዤ ገባሁና ከሰል ምድጃው ላይ ጎንበስ ብዬ ካቻቢቴ አነሳሁ። አጥብቄው ይሆናል ብዬ ብሎኖቹን አላላሁ። ከዚያ ሳብኩት። ቀጭ አለ። እንደገና አቀባብዬ ሳብኩ። ቀጭ። ብሎኑን መልሼ አጠበቅኩ፤ አሁንም ቀጭ። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላውቅም፣ አንዴም እምቢ አላለኝም። ጠመንጃው ደህና ከሆነ ታዲያ የሞተው ጣታቸው ነዋ።

ይህንን ልነግራቸው አልደፈርኩም። «አባባ፣ እንጨቱ ምላጩን ነክቶት ነው። ትንሽ ልፋቀው፣ ከዚያ ይሞክሩት» አልኩ።

«አልሞክርም። አንዴ ሞክሬ አፍሬያለሁ።»

አናጢው ጋ ደወልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋቱን እንዲወስዱልኝ ፈልጌ ነበር። ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ገብሱን ሁሉ በኦሮምኛ ጠይቀውኝ ከጨረሱ በኋላ ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ወላሂ የኔ እንጨት ብረቱን አይነካም። ወረቀት አስገባበት፣ ያልፋል።»

ወረቀት በምላጩና በእንጨቱ መካከል አስገባሁ። አለፈ። ቢሆንም ሞረድ አንስቼ ያንን ያማረ ወይራ ፋቅኩት፤ ምንም ያላጠፋውን እንጨት እያወቅኩ አበላሸሁት። አባቴ ከወንበራቸው ሆነው ያዩኛል። ተነሳሁ፣ ወጣሁ፣ ገባሁ። «ምነው፣ ቁንጫ ገባብህ እንዴ?» አሉኝ።

ሰኞ ቢሮ መግባት ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። አባቴ ጠመንጃውን እንደ ልማዳቸው እሳት በማይነድበት መኝታ ቤታቸው አሳድረውት፣ ማለዳ ለባብሰው አወጡትና ጓሮ ግንቡ ላይ አስደገፉት። ፈቃዱን ፍለጋ ሳጥናቸውን ሊያገላብጡ ገቡ። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ከግንቡ እስከ በሩ እመላለሳለሁ። እጄ ሥራ ሲፈታ አያርፍምና ጠመንጃውን አነሳሁት፤ ባዶነቱን አይቼ አቀባበልኩና ሳብኩ።

አልሄደም። በደንብ ጨክኜ ስስበው ጭቃ ውስጥ እንዳለ ነገር ቀስ ብሎ ተንፏቀቀ፣ ግማሽ መንገድ ላይም ተገትሮ ቀረ። ጣቴን ብለቅም አልተመለሰም።

በሕይወቴ በተበላሸ ዕቃ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ብሎኖቹን እዚያው ፈታሁ። ምላጩ የሚገባበት ጎድጓዳ ውስጥ ቅቤው ሞልቷል፣ በብርዱ ረግቶ፣ ቢጫና ደረቅ፣ የሻማ ቁራጭ መስሎ። ትላንት ከሰሉ አጠገብ እየቀለጠ ነው ሲታዘዝልኝ የዋለው።

«አባባ፣ ይምጡ።»

ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። ጎንበስ ብለው አዩና በጥፍራቸው ጫር አድርገው አሸተቱት።

«ማነው ይህን ሁሉ ያጠጣው?»

«እኔ ነኝ።»

ጨርቅ በላምባ ነክሬ ጎድጓዳውንም ብረቱንም ጠራረግኩ፤ መልሼ ገጠምኩ። ስቸኩል ብሎን ወደቀብኝ፤ እሳቸው አንስተው አቀበሉኝ። በዚያው በቀኝ እጃቸው።

«ትላንት ቤት ውስጥ አንተ ስትስበው ይሠራ ነበር?» አሉ።

«ይሠራ ነበር።»

«እንጨቱ ነው ያልከኝ ታዲያ ለማባበል ነው።»

እሳቸው አንድ ጠዋት ሞክረው ተስፋ ቆረጡ፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እየሞከርኩ ጣታቸውን ቀብሬዋለሁ። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ጠመንጃውን ተቀበሉኝ። ባዶነቱን ሁለት ጊዜ አይተው አቀባበሉና ግንቡን አለሙ። ጣታቸውን ምላጩ ላይ አሳርፈው ሳቡ። ቀጭ አለ።

የወትሮውን «አለሁ» ጠበቅኩ። አላሉም። ጠመንጃውን ዝቅ አድርገው ወደኔ ዞሩ።

«ሰማህ?» አሉኝ።

«ሰማሁ፣ አባባ።»

ፈቃዱን ሳጥናቸው ውስጥ ሊመልሱ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ቁርስ እንዲቀርብ አዘዙ።