የቦዩ ጫፍ ሹም

«ባላገር ሹም ሊሽር? ወንድሜ፣ የሚሽር ሿሚው ነው!» ሾፌሩ ጌታቸው መሪውን በመዳፉ መታ።

«እኮ! የሾምነው እኛ ነና!» አለ በእኔና በእሱ መካከል የተጣበቀው አሊ።

ገና ጎህ መቅደዱ ነው። እኔና አሊ የተሳፈርንባት፣ ጨው የጫነችው መኪና ከኮምቦልቻ ተነስታ እያቃሰተች ወደ ሐርቡ ትወርዳለች። አሊ የጨፋ ገበሬ ነው። በመንደሩ ከጋራው የሚወርደውን ጅረት በቦይ ለየማሳው የሚያከፋፍል፣ ገበሬው ራሱ የሚመርጠው ሽማግሌ አለ፤ «የውሃ አባት» ይሉታል። ዛሬ ሊያወርዱት ነው።

«ምን አጠፋ?» አልኩ።

«ውሃው እኔ ዘንድ አይደርስም። በቆሎዬ ነደደ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ አማቴ ናቸው።»

ጌታቸው በሳቅ ፈረሰ። «ሚስትህ ሰምታለች?»

«ወላሂ፣ ከትናንት ጀምራ አላናገረችኝም!»

ሐርቡ፣ ረፋድ

ሻይ፣ ትኩስ የማሽላ ቂጣ፣ አቧራ፣ ግመሎች። ጌታቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይህን የመሻር ወሬ ከሚሴ ገበያ እንዳትነዛው፤ እዚያ የመንግሥት ጆሮ አለ» አለኝ። እኔ ግን ልቤ ይዘላል! መንግሥት እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ግን ስለ ጠማቸው ሠርተውታል፣ ስለ ጠማቸው ሊያድሱት ነው። ከሚሴ ሳልደርስ ከአሊ ጋር ወረድኩ።

ጨፋ፣ ከዙሁር፣ ከቀትር ሶላት በኋላ

ከመንገዱ በታች የቦርከና ወንዝ፣ ቄጤማ፣ የማያልቅ የከብት መንጋ። ገበሬዎቹ አንድ ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ዱኣ አድርገዋል። በኦሮምኛ «አካም ኦልቴ?»፣ እንዴት ዋልክ፣ እያሉ ቦታ ለቀቁልኝ። የውሃ አባቱ ሸህ ይመር የሹመት ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣» አለ አሊ ምንጣፉን እያየ፣ «ደንቡን ያስተማሩን አንቱ ነዎት። የውሃ አባት የሚሆነው ማሳው ከቦዩ ጫፍ ያለ ሰው ነው፤ ለሁሉ ሳያደርስ ለራሱ አይደርሰውምና። አሁን የሚያርሱት የት ነው?»

«ከቦዩ ራስ፣ ውሃው ከሚነሳበት።»

«የጫፉስ ማሳ?» አለ አንዱ ከጥግ።

«ለልጄ ሰጠኋት። የኒካዋ፣ የጋብቻዋ ዕለት። አሁን የሚያርሳት ባሏ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ያረቢ! ሹመቱን ለአማች ድረው ዱላውን አስቀሩት!»

አሊ ብቻ አልሳቀም። ላወርድ መጣሁ እንጂ ልሾም አልመጣሁም የሚል ፊት ነበረው።

ሸህ ይመር ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «ውሃው በደጄ ሲያልፍ ለሁሉ የደረሰ መሰለኝ» አሉ። ከዚያ ዱላውን አማቻቸው ጉልበት ላይ አኖሩት። «ነገ በፈጅር፣ ጎህ ሲቀድ፣ መጀመሪያ የምትዘጋው የእኔን ቦይ ነው። አማቴ ናቸው ብለህ ካፈርክ፣ እነዚህ አንተንም ያወርዱሃል።»

ሁሉም ብድግ አለ። እሳቸው ያለ ዱላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ወጡ፤ በሩንም ራሳቸው ዘጉት።