የቁም ሳጥኑ ቀብድ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለባሌም አልነገርኩትም። የነፍስ አባቴ እንኳ ስንት ዓመት ቤቴ ሲመላለሱ፣ «ሌላስ፣ ልጄ?» ሲሉኝ፣ «ሌላ የለም፣ አባቴ» እያልኩ ሸኝቻቸዋለሁ። እንግዲህ ዛሬ እርስዎ፣ የማላውቅዎት አንባቢ፣ እርስዎ ይስሙኝ። ቶሎ ቶሎ ነው የምናገረው፤ ካቆምኩ ወኔው ይከዳኛል።

እኔ ነኝ ያደረግኩት። ማንም አልገፋፋኝም። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው የሚሉትን ነገር አልወድም፤ ሰይጣን ኮልፌ ድረስ በእግሩ መጥቶ በሬን አልቀረቀረም። እኔው በገዛ እጄ ነው የቀረቀርኩት።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን የምንወስድበት ጊዜ። እኔ ብዙነሽ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ልብስ እየሰፋሁ አድራለሁ፤ ሠርጌ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። እጮኛዬ ግርማ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጎጆ የምንወጣው እዚያው እናቴ ግቢ ውስጥ ባለችው ጭቃ ቤት ነው። ቤቷ ጠባብ፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ኮርኒሷ አቡጀዲ። እኔ ግን አንድ ነገር ካልገባባት አላገባም ብያለሁ፤ ቁም ሳጥን! ልብሴን በሻንጣ አጣጥፌ አልጋ ሥር የምከትትበት ዘመን ይብቃ አልኩ። የእቁብ ዕጣ ሲወጣልኝ በደስታ እየበረርኩ አጠና ተራ ጋሽ ሄራሞ ዘንድ ሄድኩ።

ጋሽ ሄራሞ ከከምባታ መጥተው ኮልፌ ውስጥ ብዙ ዘመን የኖሩ አናጢ ናቸው። ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ አይወርድም። ቤቴ ድረስ መጥተው በሩን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን በሲባጎ ለኩ፤ በየልኩም ላይ ቋጠሮ ቋጠሩ። «ለዚህች ቤት የሚሆን እሠራልሻለሁ። በሩንም ያልፋል፣ ከጣሪያውም በታች አንድ ስንዝር ይተርፋል» አሉኝ። የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ሰጠሁ። ለደብረ ዘይት ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ቤቴ ድረስ ሊያደርሱልኝ በወረቀት ተፈራረምን።

የቀብድን ነገር እርስዎም ያውቁታል። ገዢ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ቀልጦ ይቀራል፤ ሻጭ ቃሉን ካጠፈ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ የኔ ጉድ የተፈለፈለው ከዚህ ነው።

ቅዳሜው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ጓደኛዬ አስካለ እየሮጠች መጣች። ዘነበወርቅ አካባቢ ፈረንጅ ባልና ሚስት ቤት ትሠራ ነበር። «አንቺ! ፈረንጆቼ አገራቸው ሊገቡ ነው፤ ዕቃውን ሁሉ እየሸጡት ነው። ነይና ቁም ሳጥን ማለት ምን እንደሆነ እይ!» አለችኝ። ሄድኩ። ምነው እግሬን በሰበረው!

እንዴት አድርጌ ልንገርዎት! ባለ ሦስት መስታወት! አናቱ ላይ ወይን ከነዘለላው ተቀርጾበታል። መሐሉ ስቆም ሦስት ብዙነሽ አየሁ። ዞር ስል ሦስታችንም ዞርን፤ ስስቅ ሦስታችንም ሳቅን። ኡኡቴ! እንዲህ ያለ ነገር ኮልፌ ውስጥ የማን ቤት አለ? ፈረንጆቹ የሚሄዱት የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው፤ እስከ ሐሙስ ካልተሸጠ ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው። ገንዘቤን ቆጠርኩ። አይሞላም። የሚሞላው ቀብዴ ቢመለስ፣ ያውም ከነእጥፉ ቢመለስ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። መጣልኝ እላለሁ እንጂ እኔ ነኝ የጠራሁት። ጋሽ ሄራሞ ቅዳሜ ባያደርሱስ? ታመው ቢቀሩስ? አብሯቸው የሚሠራው ወንድማቸው እግሩን ቢቆረጥመውስ? አያድርስ ነው! ሁዳዴ ጾሜን ይዤ፣ እየሰገድኩ፣ የሰው እግር እንዲቆረጥም ተመኘሁ። ዓርብ በሱቃቸው በኩል ሳልፍ የኔን ቁም ሳጥን ፀሐይ ላይ አቁመው ቫርኒሽ ሲቀቡት አየሁ። «ነገ፣ ብዙነሽ!» አሉኝ ብሩሹን ወደ ላይ እያነሱ። ፈገግ አልኩላቸው። በሆዴ ግን አለቀልኝ አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴን አስኮ ያለችው አክስቴ ዘንድ ሰደድኳት። የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ቀረቀርኩ። በቀረቀርኩበት ቅጽበት ያ ድንገተኛ የበልግ ዝናብ ወረደ፤ መንደርተኛው ሁሉ ቤቱ ገባ። ይህንንም የሚካኤል እርዳታ ነው ብዬ ቆጠርኩት፤ ድፍረቴን ይመልከቱ!

መጡ። እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው ቁም ሳጥኑን በሁለት አጠና አንጠልጥለው፣ በዚያ ጭቃ ሽቅብ መጡ። እኔ በሩ ሥር ተለጥፌ፣ ቆርቆሮው ላይ ባለች የሚስማር ቀዳዳ አያቸዋለሁ። «ቤቶች!» አሉ። ዝም። «ቤቶች! ብዙነሽ!» ዝም። ጋሽ ሄራሞ ካፖርታቸውን አወለቁና ቁም ሳጥኑን አለበሱት፤ እሳቸው በሸሚዝ ቀሩ። ውሃው ከራሳቸው በአገጫቸው ይወርዳል። ለሦስተኛ ጊዜ «ቤቶች!» አሉ። እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ ይመስልዎታል? አዘንኩ? አላዘንኩም! እውነቱን ልናገር ብዬ የለም? እንደ ድብብቆሽ ነበር የሆነብኝ፤ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነበር። ጋሽ ሄራሞ ጎንበስ አሉ፤ የደከማቸው መሰለኝ። ከዚያ ተሸክመውት ወረዱ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ ስንወጣ እሪ አልኩ። «ሠርጌ ደርሶ ቀብዴን ተበላሁ!» አልኩ። የእድራችን ዳኛ አባባ ተክሌ ደነገጡ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ተሰበሰበ። ግርማም መጥቶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጠ፤ እንዴት እንደምኮራበት! ጋሽ ሄራሞና ወንድማቸውም ተጠርተው፣ «መጥተን ነበር፤ የከፈተልን የለም» አሉ።

አባባ ተክሌ፣ «የወንድም ምስክር አንቀበልም። ሁለታችሁም ማሉና እንለያይ» አሉ። መጀመሪያ እኔን አሉኝ። ማተቤን በሁለት ጣቴ ይዤ፣ «ሚካኤልን! ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርኩ። በሬ ላይ የመጣ ሰው የለም!» አልኩ። ምላሴ አልተሳሰረም። ወተት እንኳ የማይነካ አፌ በሐሰት ፈሰከ።

ተራው የጋሽ ሄራሞ ሆነ። ተነሡና ቆባቸውን አወለቁ።

«ማል እንጂ፣ ሄራሞ» አሉ አባባ ተክሌ።

«አባባ፣ እኔ አልምልም። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም። ቅዳሜ መጥቻለሁ፤ አዎን ካልኩ አዎን ነው።»

ወንድማቸውም አልምልም አለ። ያኔ አንዱ ሽማግሌ አንገታቸውን አየና፣ «ማተብም የላቸው! ጴንጤ ናቸው ለካ!» አለ። ያን ጊዜ ጴንጤ መባል ቀልድ አልነበረም፤ በየሰው ቤት በር ዘግተው፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው ነበር የሚጸልዩት። ስንት ዓመት የደበቁትን እኔ በአንድ ቁም ሳጥን አወጣሁባቸው። እውነተኛው ሰው እግዜርን ፈርቶ አልማለም፤ ሐሰተኛዋ ምላ ታመነች። «መሐላ የሚሸሽ ጥፋተኛ ነው» ተባለ፤ ቀብዱ ከነእጥፉ ይመለስ ተባለ።

አላበቃም! እንደ ደንቡ ታረቁ ተባልን። ጋሽ ሄራሞ መጡና ፊቴ ዝቅ ብለው፣ «ካሳዘንኩሽ ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው! እኔ ምን አልኩ? «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁን።

ገንዘቡን በማግሥቱ አመጡ፤ ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኩም። ባለ ሦስት መስታወቱን ረቡዕ ገዛሁት፤ ሐሙስ ግርማ በመኪናው ጭኖ አመጣው። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ እልልታ ቀለጠ! እኔም ጮቤ ረገጥኩ። አወረዱት፤ በሩ ላይ አስጠጉት። አይገባም! አጋደሙት፤ አይገባም። ቢገባም እንኳ ከጣሪያው አንድ ክንድ ይበልጣል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው፤ እኔ ሦስት ብዙነሽ ስመለከት ልኩን መቼ አሰብኩት? ሰው በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ጎረቤቴ፣ «እንግዲህ ቤቱን ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገቢው!» አለችኝ። ልቅሶዬ መጣ።

እናቴ ናት ያን ጊዜ፣ «ምን ያፈዛችኋል? ሄራሞን ጥሩልኝ። ታርቀን የለ እንዴ?» ያለችው። የምሸሸግበት ጠፋኝ። ይመጣሉ ብዬ አላመንኩም። ጋሽ ሄራሞ ግን መጋዛቸውን ይዘው መጡ። የበሩን ጉበን ነቀሉ፤ ያንን ከነዘለላው የተቀረጸ ወይን ከአናቱ ላይ ቀስ ብለው ገዘገዙት፤ አስገቡት፣ አቆሙት፣ ጉበኑን መልሰው መቱ። ከጣሪያው አንድ ስንዝር ተረፈ። ሰዉ ጠላ ሊጠጣ ወደ እናቴ ቤት ሲገባ እኔና እሳቸው ብቻችንን ቀረን። መጋዛቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ እግሬን አዩ። ቢጫ ኮንጎ ጫማዬን አድርጌ ነበር።

«ቅዳሜም ይህንኑ ነበር ያደረግሽው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጎንበስ ስል በበሩ ሥር አየሁት።»

«ታዲያ... ታዲያ ለሽማግሌዎቹ ለምን አልተናገሩም፣ ጋሼ?»

«ባልሽ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ሙሽራ ነሽ። እኔ ቁም ሳጥን ሌላ እሠራለሁ።»

ይህን ብለው ወጡ። እናቴ ልትከፍላቸው ብትሮጥ አልቀበልም አሏት። እኔ ሦስቱ መስታወት ፊት ቆሜ ቀረሁ፤ የትኛዋንም ማየት አልቻልኩም።

ያን ቀን ሮጬ አባባ ተክሌ ዘንድ ብሄድ ኖሮስ? ቤታቸው ከኛ አምስት በር ነው። አልሄድኩም። ከሠርጉ በኋላ እናገራለሁ አልኩ፤ ከሠርጉ በኋላ ልጄ ስትወለድ አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ዝም ካሉት አይጠራም፣ እኔ አይቼዋለሁ። «ቃሉን የሚበላ ጴንጤ» የሚለው ወሬ ከአጠና ተራ እስከ ላይኛው ፌርማታ ተዳረሰ። ሥራ የሚሰጣቸው ጠፋ። ለኔ ቤት ልክ የተሠራው ያ አጭር ቁም ሳጥን፣ ዝናብ የጠጣው፣ ገዢ አጥቶ ሱቃቸው ደጃፍ ቆሞ ከረመ፤ እኔም እሱን ላለማየት መንገዴን ቀየርኩ። ሰኔ ሳይገባ ሱቁ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ። አንዳንዱ አገራቸው ገቡ አለ፣ አንዳንዱ ቀበሌ ወሰዳቸው አለ። አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ይነግሩኛል ብዬ ፈራሁ።

ግርማን ባለፈው ዓመት ቀበርኩት፤ አባባ ተክሌም ሽማግሌዎቹም ካለፉ ቆይተዋል። ባለ ሦስት መስታወቱ ግን ይኸው አለ፤ የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ አናቱን ማን ቆረጠው?» ይሉኛል። «ለቤቱ ረዝሞ ነው» እላቸዋለሁ።

ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም። ይቅርታውን እሳቸው ጠይቀውኝ፣ እኔም ሰጥቼ ጨርሻለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ድፍረት አለ? ልጅ ነበርኩም አልልም። ያን እሑድ በሽማግሌ ፊት ልናገረው ይገባኝ የነበረውን ብቻ ዛሬ፣ ማተቤን ሳልይዝ፣ ሳልምል፣ እንደሳቸው አዎን ብዬ ልናገር።

ጋሽ ሄራሞ ቅዳሜ መጥተው ነበር። ዝናብ እየመታቸው ሦስት ጊዜ ጠርተውኛል። ቤት ነበርኩ።