ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ

ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ጥገኝነት እጠይቃለሁ» ባልኩ በአራተኛው ሰዓት፣ እጄን በካቴና እግሬን በሰንሰለት አስረው ከማኪኒ ከተማ ወዲያ ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ወሰዱኝ። የካውንቲው እስር ቤት ትርፍ ክፍሎቹን ለስደተኞች ማቆያ ያከራይ ነበር። ክፍሉ ነጭ ነው። አልጋው ብረት፣ ሽንት ቤቱ ከራስጌ፣ መብራቱ የማይጠፋ፣ የበረኪናው ሽታ ዓይን የሚያቃጥል። በሀገሬ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ሁለት ጊዜ ታስሬያለሁ፤ ትኋኑንም ግርፋቱንም አውቀዋለሁ። ንጹሕ እስር ቤት ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበርና፣ እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ ቀን ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ሞኝነቴ እስካሁን ያናድደኛል።

ሁዳዴ ገባ። ጠዋት እንቁላል፣ ምሳ ላይ ዳቦ ውስጥ የተጣለ ሮዝ ሥጋ ያመጣሉ። ሥጋውን ትቼ ዳቦውን ከፍራሹ ሥር አቆይና ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እበላዋለሁ። በሀገሬ እስር ቤት ይህ ለማንም ችግር ሆኖ አያውቅም፤ የሚገርፈኝ ሰውዬ ራሱ ጿሚ ነበር። እዚህ ግን በአምስተኛው ቀን ፈታሾች ዳቦዬን አገኙት። ክፍል ውስጥ ምግብ ማቆየት ክልክል ነው ብለው ወሰዱት። በዚያው ቀን የረሃብ አድማ መትቷል ብለው መዝገብ ላይ አሰፈሩኝ። የምበላውን ወስደው አልበላም አለ ብለው ጻፉብኝ! ልብሴን አስወልቀው የወረቀት ሸማ አለበሱኝና ፊቱ መስታወት የሆነ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ዘጉብኝ። ዳቦ ማቆየት ስላልቻልኩ፣ እራቱም የፍስክ ስለነበር፣ ሦስት ቀን ውሃ ብቻ ጠጣሁ።

ቀጠሮዬ በማግስቱ ነበር። ዳኛ ፊት ካልቀረብኩ ጉዳዬን እንደተውኩት ተቆጥሮ ወደ ሀገሬ እመለሳለሁ፤ ብመለስ ማን በር ላይ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። የእስር ቤቱ ኃላፊ ደግሞ አድመኛ መኪና ላይ አላሳፍርም፣ መንገድ ላይ ቢወድቅ ተጠያቂው እኔ ነኝ አለ። እሱ ፊት ከበላሁ እሄዳለሁ፣ ካልበላሁ አልሄድም።

ከቀትር በኋላ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰዱኝ። ጠረጴዛው ላይ ሳንድዊችና ስልክ አለ። ኃላፊው፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሰፋ ሰው፣ ሽጉጡን ታጥቆ ቆሟል። አጠገቡ ረጅም ከሲታ ነጭ ሽማግሌ፣ የሹራባቸውን ቁልፍ አዛንፈው የቆለፉ፣ ተቀምጠዋል። የከተማዋ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው ተባልኩ። ይሄ ደግሞ ጴንጤ ሊያደርገኝ መጣ ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ስልኩ ተናገረ። «ሃሎ ጋሼ፣ አስተርጓሚ ነኝ፣ ከዳላስ። ሶ፣ ስፒከር ላይ አድርገውኛል። ቺፉ እንዲህ ነው የሚለው፦ ሳንድዊቹን አሁን ብላ፣ ፎርሙን ሳይን አደርጋለሁ፣ ነገ ኮርት ትሄዳለህ።»

የልጅ እግር ድምፅ ነው። የኃላፊውን በአንተ፣ የቄሱን በአንቱ እየለየች ነበር የምታስተረጉምልኝ።

«ጾም ነው በይው» አልኳት።

«እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ሥጋ የሚከለክል ክርስቲያን አላውቅም ይላል።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እኔም ጿሚ ነኝ። ግን ማለቴ… ኮርት ሚስ ካደረጉ ዲፖርት ነው የሚያደርጉዎት። ይብሉትና ንስሐ ይገባሉ።»

ቄሱ ምን እንደምበላ፣ በስንት ሰዓት እንደምበላ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ለስልኩ ብዙ ተናገሩ።

«ፓስተሩ እንዲህ ይላሉ፦ የጠሩኝ እርስዎን እንዳስበላ ነው። ሁለት ወር ሙሉ እስረኛ እንዳልጠይቅ ከልክለውኛል። ካስበላሁዎት ይፈቀድልኛል። ይህን ሳያውቁ እንዳያናግሩኝ ብዬ ነው።»

ደሜ ፈላ። «ለቄሱ ንገሪው! እሱ ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል። ሞቱ ያለው እኔ ላይ ነው። በእኔ ሆድ አይደራደሩ!»

ትርጉሙን ሲሰሙ ጆሯቸው ቀላ። «ልክ ነው» አሉ። ሥጋውንና አይቡን ከዳቦው ውስጥ አውጥተው ኃላፊው ፊት አኖሩት። በሩን ከፍተው ከኩሽና ቅቅል ባቄላ አስመጡና ከዳቦው ጎን አስቀመጡልኝ።

ኃላፊው የግድግዳውን ሰዓት አየ። ስምንት ከሃያ ነበር። ሥራ እንዳለበት፣ አሁን ካልበላሁ እንደማይፈርም ተናገረ።

«ጋሼ፣ የጾም ነው እኮ! አርባ ደቂቃ ናት የቀረችው! ፕሊስ!» አለች ልጅቷ።

ባቄላው ይተናል። እግዚአብሔር በአርባ ደቂቃ አይጣላኝም ነበር፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያንም አትጨክንም። ነገሩ ግን በእኔና በእግዚአብሔር መካከል መሆኑ ቀርቶ ነበር። ብላ ሲለኝ ብበላ፣ ከዚያ በኋላ ምን ቢያዘኝ ነው እምቢ የምለው? ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ቢሆንም «እጠብቃለሁ በይው» አልኳት።

ኃላፊው ወረቀቱን አንሥቶ ሊወጣ ሲል ቄሱ ብድግ ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ልጅቷ ሳይጠይቋት ትተረጉምልኝ ጀመር።

«ተቀመጥ። አባትህን የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ ልጆችህን ያጠመቅኩት እኔ ነኝ። አርባ ደቂቃ አታጣልኝም።»

«በየቅዳሜው ፍርድ ቤቱ ደጃፍ መፈክር የጻፍክበት ካርቶን ይዘህ ስሜን ስታጠፋ ነው የምትውለው። ግማሹ ምእመንህ ጥሎህ የሄደው ለምን ይመስልሃል?»

«ስምህን አላጠፋሁም። ሰው አታከራይ ነው ያልኩህ።»

ኃላፊው ፊቱ ደም መሰለ። ተቀመጠ። ልጅቷ «እኔ የእረፍት ብሬኬን ወስጃለሁ፣ ስልኩን አልዘጋም» አለች፤ ከዚያ የሷ ትንፋሽና የኃላፊው እስክሪብቶ ጠረጴዛውን ሲመታ ይሰማ ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል የረዘመ አርባ ደቂቃ አላውቅም። ባለ ሽጉጥ ሰውዬ የእኔን ሰዓት ሲጠብቅ ግን አየሁት።

ዘጠኝ ሲሞላ ቆሜ አማተብኩ፣ አባታችን ሆይ ደገምኩ። ቄሱ አብረውኝ ቆሙ። ዳቦውን ቆርሼ ለሳቸው ሰጠሁ። «እንብላ» ብዬ ለኃላፊውም ዘረጋሁለት፤ ሰው ፊት ሳይጋብዙ አይበላም። አልተቀበለኝም። ስበላ አይቶ ፈርሞ ወጣ።

በማግስቱ ዳኛ ፊት ቀረብኩ፣ ከወራት በኋላም ነጻ ወጣሁ። ቄሱ ግን አልተፈቀደላቸውም፤ አስጠበቅከን እንጂ መቼ አስበላኸው ብሏቸው ኖሯል ኃላፊው። በዚያው በጋ ቤተ ክርስቲያናቸው ራቅ ወዳለች ሃያ ምእመን እንኳ ወደሌላት መንደር አዛወረቻቸው።

ዛሬ ዳላስ አጠገብ ካሮልተን እኖራለሁ፣ ታክሲ እነዳለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፋይሌን አስወጣሁ። የዚያ ቀን ታሪክ አንድ መስመር ነው፦ «ታሳሪው በቄስ ምክር የረሃብ አድማውን አቁሞ በልቷል።» ደጋግሜ አነበብኩት። ግርፋቱን ረስቼዋለሁ፣ ይህን መስመር ግን አልረሳውም። እንዲታረም ጻፍኩ፤ የተመዘገበ አይለወጥም ብለው መለሱልኝ።

ለቄሱ ደወልኩ። ሴት ልጃቸው ቤት ናቸው፣ ድምፃቸው ሰልሏል። በንዴት ሁሉን አወራኋቸው።

«ስንት ጊዜ ጻፍክላቸው?» አሉኝ።

«አንዴ።»

«እኔ እስረኛ ልጠይቅ ብዬ እስኪያዛውሩኝ ድረስ በየወሩ ጽፌላቸዋለሁ። አንድም መልስ አልሰጡኝም። አንተ እንኳ መልስ አግኝተሃል። እንደገና ጻፍ።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እጽፋለሁ። ደብዳቤዋ አጭር ናት፦ አድማ አልመታሁም፣ ማንም መክሮ አላስበላኝም፣ ሰዓቴ ሲደርስ በላሁ፣ መዝገቡ ይታረም። ዘንድሮም ልኬያለሁ።