የሁሉ አባት

አናጢዋ አባቷን አንድም ቀን አባባ ብላ ጠርታው አታውቅም። ጠልታው አይደለም፤ የማኅበሩ ደንብ ነው። አባቷና ጓደኞቹ በወጣትነታቸው ያላቸውን አዋጥተው ማኅበሩ የሚኖርበትን መሬት ሲገዙ፣ "የኔ" የሚባል ነገር ከበሩ ውጭ ይቅር ብለው ተማማሉ። ማሳው የጋራ፣ ድስቱ የጋራ፣ ልጁም የጋራ ሆነ። አንቱታ ቀረ። ልጆች ሁሉ በአንድ ሰፊ ክፍል፣ አዋቂውን ሁሉ ወንድም፣ እህት እያሉ አደጉ። ካልቀለደ የበላው የማይፈጭለት ንብ አርቢው፣ "ዛሬ ጥርሳችንን አሞኛል" እያለ በደንቡ ያሾፍ ነበር። ሌላው ሲስቅ የእሷ አባት ፊቱን ያጠቁራል። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

ዕድሜ ሲጫነው እግሩ ከዳው። ከአልጋ ለመውረድ እንኳ የሚደግፈው ሰው ሲያስፈልገው፣ አናጢዋ ለአንድ አልጋ የሚበቃ ጣውላ መርጣ ክፍሏ ውስጥ አስቀመጠች። ከዚያ ስብሰባ ላይ ተነስታ፣ "እኔ ጋ ይሁን፤ እኔ ልጠብቀው" አለች። የብዙዎቹ አንጀት ራርቶ ነበር። እምቢ ያለው ራሱ ነው።

"ለይታችሁ ለአንድ ሰው ከሰጣችሁኝ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ስንሠራ ኖርን? ሽማግሌ የሁሉም ነው። በተራ ጠብቁኝ" አለ።

ደረቅ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። እሷም እንባዋን ውጣ ጣውላውን መለሰች።

ክፉ አይወራም፤ ተራው ደህና ሄደ። የሚያጎርሰውም የሚያጥበውም አላጣም። ተራዋን መጠበቅ ያቃታት እሷ ናት። ስትወጣ ስትገባ ጎራ ትላለች፣ ትራሱን ታስተካክላለች፣ ጥፍሩን ትቆርጥለታለች። ይሄ ሲደጋገም ልብስ ሰፊዋ ለብቻዋ ጠራቻትና፣ "እህቴ፣ አትቀየሚኝ፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎችም እኮ ጥፍር አላቸው" አለቻት። እውነቷን ነው። አናጢዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ከዚያ ወዲያ ያለ ተራዋ ደጃፉን አልረገጠችም።

ቲማቲሙ የደረሰ ሰሞን አንድ ጠዋት ሰማዩ ጠቆረና፣ መራመድ የቻለ ሁሉ ማሳ ወረደ። የዕለቱ ተረኛ ንብ አርቢው ነበር። ቀፎዎቹን ከዝናብ ሊከልል ሲሮጥ ልብስ ሰፊዋን፣ "ሽማግሌውን ዛሬ አንቺ እይልኝ" አላት። እሺ አለች። ኋላ ግን አናጢዋ ባዶ ሳጥን ልታመጣ ወደ ቤቶቹ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ አየቻት። መቼም አባቷን ሳታይ አትመለስም ብላ፣ ልቧን ጥላባት ለቀማዋን ቀጠለች።

አናጢዋ በእርግጥም በደጃፉ አለፈች። ከውስጥ የሆነ ነገር ቀስ እያለ ይንኳኳል። ቆመች። ሆዷ ግቢ ግቢ አላት። ምናልባት ነፋሱ ነው፤ ምናልባት ተረኛው ወንበር እያስጠጋለት ነው። የሚያየው ሰው አለ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልባል ብላ ሳጥኖቿን ተሸክማ ወረደች።

ሲመሽ ራቱን ይዛ የሄደችው ምግብ አብሳይ ስትጮህ ነው ሰው የተሰበሰበው። ሽማግሌው ከአልጋው ወድቆ፣ ወለል ለወለል ተስቦ፣ በሩ ሥር ሲደርስ እዚያው ቀርቷል። የጣቶቹ አንጓ ተልጦ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ስብሰባ ተቀመጡ። ንብ አርቢው እንኳ፣ ያ ቀልደኛ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አንዱ "ጥፋቱ የኔ ነው" ሲል፣ ሌላው "የለም፣ የኔ ነው" ይላል። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እንግዲህ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። እንካፈለው፣ ይቀለናል። የተስማማ እጁን ያውጣ" አለ።

እጅ ሁሉ ወጣ። ለሰሚው ደስ ይላል፤ ጥፋት ለዚያ ሁሉ ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጭብጥ አይሞላም። ወዲያው አንዳንዱ በረጅሙ ተነፈሰ፣ አንዳንዱ ስለ ቲማቲሙ ማንሾካሾክ ጀመረ።

የአናጢዋ እጅ ጭኗ ላይ እንዳለ ነው።

"እህቴ" አላት ሰብሳቢው ድምፁን አለስልሶ፣ "አንቺን ለይቶ የወቀሰ እኮ የለም።"

"አውቃለሁ" አለች። "ግን ሲያንኳኳ የሰማሁት እኔ ነኝ። ከአባቴ ለብቻዬ የደረሰኝ ይሄ ብቻ ነው፤ እሱን አላካፍልም።"